አንድ ትስስር፦ ሳሙና፣ ቅቤና እንዶድ

(ስለ ካርቦን ውሁዶችና ስለ አጸግብሮታቸው በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተሰጠ ንግግር)

የስብሰባው አዘጋጅ ኮሚቴ እንድናገርበት የሰጠኝ ርእስ «የካርቦን ውሁዶችና አጸግብሮታቸው» የሚል ነው። ርእሱ ሰፊ ነው ማለት ብቻውን አይበቃም። በዓለም አቀፉ የኬሚካል መዝገብ ተመዝግበው የሚገኙት ንጥረ ነገሮች ዛሬ ከ200 ሚሊዮን በላይ ሲሆኑ፣ አብዛኞቹ ካርቦን ያለባቸው ናቸው። የተሰጠኝ ጊዜ ደግሞ አርባ ደቂቃ ነው። ሁሉንም ላዳርስ ብል በየደቂቃው አምስት ሚሊዮን ውሁድ መጥራት ይኖርብኛል ማለት ነው፤ ይህም ከአድማጩም ከተናጋሪውም አቅም በላይ ይመስለኛል።

ስለዚህ ሌላ መንገድ መርጫለሁ። ከዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ ትስስር ብቻ አንሥቼ፣ እንዴት እንደሚሠራና እንዴት እንደሚፈታ ላሳያችሁ አስቤአለሁ። ይኸውም የኤስተር ትስስር ነው። የመረጥሁበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛው፣ ይህ ትስስር በቤታችን ውስጥ ያለ ነገር ስለ ሆነ ነው፤ በዘይቱ፣ በቅቤው፣ ለራስ ምታት በምንውጠው አስፕሪን ውስጥ ሳይቀር አለ። ሁለተኛውና ዋነኛው ግን፣ አንድ የሀገራችን ተክል ይጠቅማል ወይም አይጠቅምም ብለን የምንፈርደው ፍርድ፣ ይህን አንድ ትስስር በማወቅና ባለማወቅ ሊገለበጥ የሚችል መሆኑን እንዶድ ስላስተማረን ነው። ወደ እንዶድ ለመድረስ ግን ጥቂት መንገድ መሄድ ያስፈልጋል። በንግግሬ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ሰሌዳ በሌለበት ስለምናገርም ቀመሮቹን በቃል እገልጻለሁ፤ ይህ ደግሞ ለተማሪም ለመምህርም መልካም ልምምድ ነው የሚል እምነት አለኝ።

በቅድሚያ ካርቦን ይህን ያህል ብዙ ቤተሰብ ሊያፈራ የቻለው ስለ ምንድን ነው? መልሱ አጭር ነው። ካርቦን አራት እጅ አለው፤ ከሌላ ካርቦን ጋር ሲያያዝም ትስስሩ ጠንካራ ነው። በሰንጠረዡ ከሥሩ የሚገኘው ሲሊከንም አራት እጅ አለው፤ ነገር ግን ሲሊከን ከሲሊከን ጋር የሚያያዝበት ትስስር የላላ ሲሆን፣ ኦክሲጅንን ያገኘ እንደ ሆነ ግን አጥብቆ ይይዛል። ስለዚህ ሲሊከን አሸዋና ድንጋይ ሆኖ ቀረ። ካርቦን ግን ረጅም ሰንሰለት፣ ቅርንጫፍና ቀለበት እየሠራ፣ በየመካከሉም ኦክሲጅንና ናይትሮጅን እያስገባ፣ ከስኳር እስከ ሥጋ፣ ከቅጠል እስከ ሱፍ ያለውን ሁሉ ሊያቆም ቻለ።

ታሪኩን በፍጥነት ልለፈው። በ1828 ፍሪድሪሽ ቮለር የተባለው ጀርመናዊ አሞንየም ሲያኔት ከተባለው ጨው ዩሪያን በሠራ ጊዜ፣ ከሕያው ፍጥረት ብቻ ይገኛል ይባል የነበረ ንጥረ ነገር በጠርሙስ ውስጥ ተገኘ። የቀድሞው እምነት በአንድ ቀን ፈረሰ የሚለው የመማሪያ መጻሕፍት አነጋገር ግን የተጋነነ ነው፤ ኮልበ በ1845 አሴቲክ አሲድን፣ ማለትም የኮምጣጤን አሲድ፣ ሕያው ካልሆኑ ነገሮች ተነሥቶ እስኪሠራ ድረስና ከዚያም በኋላ ክርክሩ ቀጥሎ ነበር። በ1858 ኬኩሌና ኩፐር፣ አንዱ የሌላውን ሳያውቅ፣ ካርቦን አራት እጅ እንዳለውና ካርቦን ከካርቦን ጋር ሰንሰለት እንደሚሠራ አስረዱ። በ1874 ደግሞ ቫን ት ሆፍና ለ ቤል አራቱ እጆች በጠፍጣፋ ወረቀት ላይ እንደምንሥላቸው ሳይሆኑ በአራት አቅጣጫ ወደ ኅዋ የተዘረጉ መሆናቸውን ገለጹ። ለዚህ ሐሳብ መንገዱን ከጠረጉት ነገሮች አንዱ ተራው እርጎ ነው። ከእርጎ የሚገኘው ላክቲክ አሲድና ከሥጋ የሚገኘው ላክቲክ አሲድ በቀመር አንድ ሆነው ሳለ፣ ብርሃን ሲያልፍባቸው የሚያሳዩት ጠባይ ይለያይ ነበርና፣ ቪስሊሴኑስ በ1873 ልዩነቱ አቶሞቹ በኅዋ ላይ ከሚቀመጡበት ሁኔታ በቀር ከሌላ ሊመጣ አይችልም ብሎ ነበር።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ ልግባ። የካርቦን ውሁድ ምንም ያህል ረጅም ቢሆን፣ አጸግብሮት የሚደረገው በሁሉም አካሉ ላይ አይደለም። ካርቦንና ሃይድሮጅን ብቻ ያለበት ሰንሰለት ዝምተኛ ነው። ፓራፊን የሚለው ስም ራሱ ከላቲን የመጣ ሆኖ «ዝምድናው ጥቂት» እንደ ማለት ነው፤ የሻማ ሰም ከአሲድም ከቤዝም ጋር አይጣላም። ነገር የሚጀምረው በሰንሰለቱ ላይ ኦክሲጅን ወይም ናይትሮጅን ወይም ድርብ ትስስር በተቀመጠበት ስፍራ ነው። ይህን ስፍራ በትምህርት ቤት ፈንክሽናል ግሩፕ እንለዋለን፤ እኔ በዚህ ንግግር የአጸግብሮት መቀመጫ ብዬዋለሁ።

መቀመጫው ምን ያህል ወሳኝ እንደ ሆነ ለማየት ሁለት ካርቦን፣ ስድስት ሃይድሮጅንና አንድ ኦክሲጅን ውሰዱ። ኦክሲጅኑ ከዳር ተቀምጦ ሌላውን እጁን ለሃይድሮጅን ከሰጠ፣ ያገኛችሁት በ78 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚፈላው ኤታኖል ነው፤ የጠጁና የአረቄው መንፈስ። ኦክሲጅኑ በሁለቱ ካርቦኖች መካከል ከገባ ግን ያገኛችሁት ከዜሮ በታች በ24 ዲግሪ የሚፈላ ዲሜቲል ኤተር የተባለ ጋዝ ነው። የአቶሞቹ ዓይነትና ቁጥር አልተለወጠም፤ የተለወጠው ማን ከማን አጠገብ ተቀመጠ የሚለው ብቻ ነው። የስም ዝርዝር ብቻ የሸመደደ ተማሪ ይህን ልዩነት እንደ ሁለት የማይገናኙ ነገሮች ያየዋል፤ መቀመጫውን ያወቀ ግን ሁለተኛውን ከአንደኛው ተነሥቶ ይደርስበታል።

የካርቦን አሲድ ከአልኮል ጋር ሲገናኝ ውሃ ይወጣና ሁለቱ በኦክሲጅን ድልድይነት ይያያዛሉ። ይህ ድልድይ ነው የኤስተር ትስስር። ከኮምጣጤው አሲድና ከኤታኖል የሚገኘው ኤቲል አሴቴት፣ በአንዳንድ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ላይ የምናሸተው፣ የዚህ ዓይነተኛ ምሳሌ ነው። የአንዳንድ ፍራፍሬ መዓዛም ከትንንሽ ኤስተሮች የሚመጣ ነው።

ይህ አጸግብሮት አንድ ጠባይ አለው፤ ከመንገድ ላይ ይቆማል። ፈረንሳውያኑ በርተሎና ፔአን ደ ሴን ዢል በ1862 ባሳተሙት ጥናት፣ እኩል ሞል አሴቲክ አሲድና ኤታኖል ሲቀላቀሉ ምንም ያህል ቢጠበቅ ከሁለት ሦስተኛው ያህል ብቻ ወደ ኤስተርነት እንደሚለወጥ አሳዩ። ቀሪው ሰንፎ አይደለም። ኤስተሩ በተሠራ ቁጥር የሚወጣው ውሃ መልሶ ኤስተሩን ይፈታዋል፤ መሥራቱና መፍታቱ እኩል ሲሆኑ ሚዛኑ ይቆማል። እንግዲህ ኤስተርን የሚያስር እጅ ውሃን ያስወጣል፤ ኤስተርን የሚፈታው ደግሞ ያው ውሃ ነው። ይህን አንድ ሐረግ ያዙልኝ፤ ኋላ ቅቤም እንዶድም በዚህ ላይ ያርፋሉ።

ሌላም ጥያቄ አለ። ውሃው ሲወጣ ኦክሲጅኑን የሰጠው ማን ነው፤ አሲዱ ነው ወይስ አልኮሉ? በወረቀት ላይ ሁለቱም ያስኬዳሉ። ሮበርትስና ዩሬይ የተባሉት አሜሪካውያን በ1938 አልኮሉን ከባድ ኦክሲጅን በሆነው በኦክሲጅን 18 ምልክት አድርገው ከቤንዞይክ አሲድ ጋር ሲያገናኙት፣ ምልክቱ ከኤስተሩ ጋር ቀረ እንጂ ከውሃው ጋር አልወጣም። ስለዚህ የተሰበረው ትስስር በአሲዱ በኩል ያለው ነው። ይህን የምጠቅሰው ለታሪክ ጌጥነት አይደለም። «የትኛው ትስስር ተሰበረ?» የሚለው ጥያቄ በሙከራ የሚመለስ ጥያቄ መሆኑን ተማሪዎቻችን ቀድመው ቢያውቁት፣ ኬሚስትሪን ከሽምደዳ ይለዩት ነበር ብዬ ስለማምን ነው።

ወደ ማድ ቤት እንግባ። ዘይትም ሆነ ሞራ ኤስተር ነው። ግሊሰሮል ሦስት መቀመጫ ያለው አልኮል ሲሆን፣ በእያንዳንዱ መቀመጫ ላይ አንድ ረጅም የቅባት አሲድ በኤስተር ትስስር ተያይዟል። ይህን ገላልጦ ያሳየው ፈረንሳዊው ሚሼል ኤዤን ሸቭረል ነው፤ የስብ ጥናቱን ያጠቃለለበትን መጽሐፍ በ1823 አሳተመ፣ ከዚያም 102 ዓመት ኖሮ በ1889 ዐረፈ። ስብ ምርምር ዕድሜ ይሰጣል ማለት ግን አይደለም።

ዘይትና ጠንካራ ቤዝ አብረው ሲፈሉ ሦስቱም ትስስሮች ይፈታሉ። ግሊሰሮሉ ነጻ ይወጣል፤ የቅባት አሲዶቹ ደግሞ ጨው ሆነው ሳሙና ይሆናሉ። ቀደም ብለን መንገድ ላይ ይቆማል ያልነው አጸግብሮት እዚህ ላይ ለምን አይቆምም? አሲዱ ከቤዙ ጋር ጨው ሆኖ ከተያዘ በኋላ ተመልሶ አልኮሉን መያዝ ስለማይችል ነው። የመመለሻው በር ተዘግቷል። በአመድ ውሃ ሳሙና የሚያፈሉ ሰዎች በአመድ ውስጥ ያለውን የፖታሲየም ካርቦኔት ቤዝነት ነው የሚጠቀሙት፤ ካርቦኔቱ ደካማ ስለ ሆነ ኖራ ሲጨመርበት ወደ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ተለውጦ ይበረታል። ከፖታሲየም የሚገኘው ሳሙና ለስላሳ፣ ከሶዲየም የሚገኘው ጠንካራ ነው። የኑግ ዘይት የቅባት አሲዶች ሦስት አራተኛ የሚጠጋው ሁለት ድርብ ትስስር ያለው ሊኖሌይክ አሲድ በመሆኑ ሳሙናው የላላና ቶሎ የሚሻግት ይሆናል፤ ሞራ ግን ድርብ ትስስር የሌላቸው ብዙ አሲዶች ስላሉት የጠነከረ ሳሙና ይሰጣል።

የሳሙና ሞለኪውል ሁለት ጫፍ አለው። አንዱ ጫፍ ውሃ ወዳድ ነው፤ ሌላው ረጅሙ ጭራ ስብ ወዳድ ነው። ጭራው እድፉ ውስጥ ሲገባ ራሱ በውሃው ይቀራል፤ ውሃውም ሲሄድ እድፉን ይዞት ይሄዳል። የሳሙና ኃይል ያለው በአንዱ ጫፍ ብቻ ሳይሆን በሁለቱ ጫፎች አለመመሳሰል ነው። ይህንንም ያዙልኝ።

ቅቤ ሲሰነብት ለምን ይሸታል? በቅቤው ውስጥ የቀረው ውሃ፣ ከተሐዋስያን በሚመጡ ኢንዛይሞች እየተረዳ፣ የኤስተሩን ትስስር ቀስ በቀስ ይፈታል። ከሚለቀቁት አሲዶች አንዱ አራት ካርቦን ብቻ ያለው ቡቲሪክ አሲድ ነው፤ ስም አውጪውም ያው ሸቭረል ነው። ይህ አሲድ በግሊሰሮል ላይ ታስሮ ሳለ አይሸትም፤ ሲፈታ ግን ቤቱን ይሞላዋል። እናቶቻችን ታዲያ ምን ያደርጋሉ? ያነጥሩታል። በእሳት ላይ ሲንተከተክ የሚሰማው ድምፅ የውሃው መውጣት ነው፤ አረፋው ተገፍፎ፣ ዝቃጩ ቀርቶ፣ ጠርቶ ሲቀዳ ውሃ የለበትም፤ ኢንዛይሙም በሙቀት ሞቷል። ፈቺውም ረዳቱም ከተወገዱ ትስስሩ ይቆያል፤ ንጥር ቅቤ የሚሰነብተው በዚህ ነው። ኮረሪማውና ኮሰረቱ የየራሳቸው ድርሻ ቢኖራቸውም ዋናው ሥራ የውሃው መወገድ ነው። በመካከላችሁ ያላችሁ የመድኃኒት ባለሙያዎችም ይህን በሌላ መልኩ ታውቁታላችሁ። አስፕሪን ኤስተር በመሆኑ እርጥበት ሲያገኘው ይፈታል፤ የጠርሙሱ ክዳን ሲነሣ የኮምጣጤ ሽታ ከሸተተ ክኒኑ መበላሸቱን ያ ሽታ ይነግረናል።

አሁን እንዶድ ላይ ደርሰናል።

በትግርኛ ሽብቲ፣ በኦሮምኛ ሀንዶዴ የሚባለው ይህ ተክል፣ ሳይንሳዊ ስሙ ፊቶላካ ዶዴካንድራ፣ ከሳሙና በፊት የሀገራችን ሳሙና ነበር። ፍሬው ይደርቃል፤ ይወቀጣል፤ በውሃ ይበጠበጣል፤ ሻማውም ጋቢውም በእርሱ ይታጠባል። በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ ስለ ቢልሃርዝያ በአድዋ ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ ዝቅ ብሎ ባለው የወንዝ ውሃ ውስጥ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት ተመለከቱ። ቀንድ አውጣዋ የቢልሃርዝያ ትል ወደ ሰው ከመሻገሩ በፊት የሚያድግባት አስተናጋጅ ናትና፣ ያዩት ነገር ተራ አልነበረም። ከዚያ በኋላ ከ1969 እስከ 1974 በአድዋ በተደረገው የመስክ ሙከራ የበሽታው ሥርጭት ከ63 በመቶ ወደ 33 በመቶ ያህል ዝቅ ማለቱ ተዘግቧል። ዶክተር አክሊሉና የሥራ ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። ይህ ታሪክ ለብዙዎቻችሁ አዲስ አይደለም። እኔ የማተኩረው ብዙ ጊዜ በማይነገረው በኬሚስትሪው ላይ ነው።

በእንዶድ ውስጥ ያለው ሳሙና አይደለም፤ ሳፖኒን ነው። መካከሉ ኦሊያኖሊክ አሲድ የተባለ፣ 30 ካርቦን ያለው፣ አምስት ቀለበቶች ተያይዘው የሠሩት ስብ ወዳድ አካል ነው። በዚህ አካል ላይ ስኳሮች ይቀመጣሉ። የስኳሮቹ መቀመጫ ሁለት ነው። አንዱ በ3ኛው ካርቦን ላይ ሲሆን፣ ስኳሩ የተያያዘው ስኳር ከስኳር ጋር በሚያያዝበት ዓይነት ትስስር ነው። ሌላው በ28ኛው ካርቦን ላይ ነው፤ ይህ ካርቦን የአሲዱ መቀመጫ በመሆኑ ስኳሩ የተያያዘበት ትስስር ኤስተር ነው። እነሆ፣ በቅቤና በሳሙና ያየነው ትስስር እዚህም ተገኘ።

ባልተነካው ፍሬ ውስጥ ሁለቱም መቀመጫዎች በስኳር የተያዙ ናቸው። ሞለኪውሉ ከሁለት ወገን ውሃ ወዳድ ስለ ሆነ በቀንድ አውጣዋ ላይ ይህ ነው የሚባል ጉዳት አያደርስም። ፍሬው ተወቅጦ ውሃ ሲገባው ግን በራሱ በፍሬው ውስጥ ተለይቶ ተቀምጦ የነበረ ኢንዛይም ከሳፖኒኑ ጋር ይገናኛል። ኢንዛይሙም በ28ኛው ካርቦን ላይ ያለውን የኤስተር ትስስር ይፈታዋል፤ በ3ኛው ላይ ያለውን ግን አይነካም። ከዚህ በኋላ ሞለኪውሉ እንደ ሳሙና ሁለት የማይመሳሰል ጫፍ አገኘ፤ በአንድ ወገን ስኳር፣ በሌላው ወገን ስብ ወዳድ አካል። ስብ ወዳዱ ወገን በሕዋስ ሽፋን ውስጥ ከኮሌስትሮል ጋር ይያያዝና ሽፋኑን ይቀድዳል። ቀንድ አውጣዋን የሚገድላት ይህ ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ በካሊፎርኒያ በስታንፎርድ የምርምር ተቋም ከእንዶድ ተለይቶ የወጣውና በአክሊሉ ለማ ስም ለማቶክሲን የተባለው ሳፖኒን፣ 28ኛው ካርቦን ነጻ የሆነው ዓይነት ነው።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ ለሙያችን የሚከብደው። በ1980ዎቹ በስዊስ በሎዛን ሆስቴትማንና ባልደረቦቻቸው እንዳሳዩት፣ ፍሬው በውሃ ሲወጣ ገዳዩ ሳፖኒን ይገኛል፤ በሜታኖል ሲወጣ ግን የሚገኘው ሁለቱም መቀመጫው የተያዘው፣ ቀንድ አውጣን የማይገድለው ነው። ሜታኖል ኢንዛይሙን ሥራ ስለሚያስፈታ ትስስሩ ሳይፈታ ይቀራል። ተክሉ አንድ፣ ፍሬው አንድ፣ መዝኖ የወሰደው እጅ አንድ ሆኖ ሳለ፣ የፈሳሹ ምርጫ ብቻ «ይጠቅማል» የሚለውን መልስ «አይጠቅምም» ወደሚል ይለውጠዋል።

እስቲ ይህን ለጥቂት ጊዜ አስቡት። በሀገራችን የባህል መድኃኒት ተክሎች ጥናት ውስጥ 80 በመቶ ሜታኖል የተለመደ ማውጫ ነው። ልማዱ ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም፤ ሜታኖል ብዙ ዓይነት ነገር ያወጣል፣ በቀላሉ ይተናል፣ ሻጋታም አያበቅልም። ነገር ግን እርሱን ብቻ ተጠቅሞ ውጤት ያላገኘ ተመራማሪ፣ ስለ ተክሉ ሳይሆን ስለ ተክሉና ስለ ሜታኖሉ ግንኙነት ብቻ ነው መናገር የሚችለው። አዋቂዋ ፍሬውን ወቅጣ በቀዝቃዛ ውሃ ዘፍዝፋ አሳድራ ከሆነ፣ «ወቅጣ»፣ «በቀዝቃዛ» እና «አሳድራ» የሚሉት ሦስት ቃላት የአጸግብሮቱ ሁኔታዎች ናቸው። መወቀጡ ኢንዛይሙን ከሳፖኒኑ ያገናኛል፤ ቅዝቃዜው ኢንዛይሙን ከሙቀት ይጠብቃል፤ ማደሩ ጊዜ ይሰጣል። በመስክ መዝገባችን ላይ የተክሉን ስም፣ የተገኘበትን ቀበሌና የሚድነውን በሽታ ጽፈን አዘገጃጀቱን በአንድ መስመር ካለፍነው፣ ከሁሉ የሚበልጠውን የኬሚስትሪ መረጃ ጥለነዋል ማለት ነው።

እንዶድን ከሚገባው በላይ ማወደስም አልሻም። ሳፖኒኑ ቀንድ አውጣን እንደሚገድል ሁሉ ዓሣንም ይገድላል፤ የቀንድ አውጣዋን እንቁላል ግን አይገድልም፤ ስለዚህ በተወሰነ ጊዜ መደጋገም ያስፈልገዋል። ቢልሃርዝያን ለመቆጣጠር ዛሬ ዋነኛው ዘዴ ፕራዚኳንቴል የተባለውን መድኃኒት በስፋት ማደል ነው። ይሁን እንጂ ሕፃኑ መድኃኒቱን ውጦ ወደዚያው ወንዝ ከተመለሰ እንደገና መያዙ አይቀርም፤ የቀንድ አውጣዋ ጥያቄ እስካሁን አልተዘጋም። ሌሎችም ቢሆኑ እንዶድን ችላ አላሉትም። በአሜሪካ የታላላቆቹን ሐይቆች የውሃ ቧንቧዎች የሚደፍነውን ዜብራ መስል የተባለ ባለ ቅርፊት እንስሳ እንዶድ እንደሚገድለው በ1990 በቶሊዶ ዩኒቨርስቲ ከታየ በኋላ፣ በተከታዮቹ ዓመታት በዚያ አጠቃቀም ላይ ፓተንት ወጥቶበታል። ስለ ባለቤትነቱ የተነሣውን ክርክር ለሕግ ዐዋቂዎች እተዋለሁ። ለእኛ ግን ከወንዙ ዳር እስከ ፓተንቱ ባለው መንገድ ላይ፣ የተክሉን ኬሚስትሪ በዝርዝር የገለጠው ሥራ አብዛኛው ከሀገር ውጭ መሠራቱ ሊቆጨን ይገባል።

ከዚህ ተነሥቼ ለመምህራን ባልደረቦቼ አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። የካርቦን ውሁዶችን ትምህርት ከሜቴን እስከ ዴኬን ስም በማስቆጠር መጀመራችንን እንተው። ስም አያስፈልግም ማለቴ አይደለም፤ ስም ግን ከዕውቀቱ በኋላ ሲመጣ ይያዛል፤ ቀድሞ ሲመጣ ከፈተና ማግሥት ይረሳል። በምትኩ አንድ ትስስር ወስደን ሁለት ሳምንት እንቆይበት። በእያንዳንዱ አጸግብሮት ላይ ተማሪው ሦስት ጥያቄ ይመልስ፦ የትኛው ትስስር ተሰበረ፣ ማን ሰበረው፣ በምን ፈሳሽ ውስጥ? እንዶድ ለዚህ እጅግ ይመቻል። ኢንዛይሙ የ28ኛውን ኤስተር ይፈታል። ሳሙና የምናፈላበት ዓይነት ጠንካራ ቤዝም ያንኑ ኤስተር ይፈታል፤ የ3ኛውን ትስስር ግን ይተወዋል። አሲድ ሲፈላበት ደግሞ የሁለቱም ወገን ስኳር ይወድቅና በውሃ የማይሟሟ ራቁቱን ኦሊያኖሊክ አሲድ ይቀራል። በአንድ ሞለኪውል ላይ ሁለት ዓይነት ትስስር፣ ሦስት ዓይነት ፈቺ። ከዚህ የተሻለ የመማሪያ ምሳሌ ከውጭ በሚመጡ መጻሕፍት ውስጥ አላየሁም።

ሙከራውም ውድ አይደለም። የደረቀ የእንዶድ ፍሬ፣ ከቄራ የተገኘ እንዳይረጋ ሶዲየም ሲትሬት የተጨመረበት የበሬ ደም፣ ጨው ያለበት ውሃና ጥቂት የመስታወት ቱቦዎች ይበቃሉ። አንዱን የፍሬ ክፍል ወቅጣችሁ በቀዝቃዛ ውሃ አሳድሩት። ሌላውን ሳይወቀጥ በሚፈላ አልኮል ውስጥ ጨምራችሁ ኢንዛይሙ ከሞተ በኋላ ፍጩት፤ አልኮሉንም ፈጽማችሁ አትንኑት፤ አልኮል ራሱ የደም ሕዋስን ስለሚሰብር ውጤቱን ያበላሽባችኋልና። የቀረውን በውሃ አሟሙት። ሁለቱንም ብትንጧቸው ሁለቱም አረፋ ሊሰጡ ይችላሉ፤ ስለዚህ አረፋን ምስክር አታድርጉ። በጨው ውሃ በተበረዘው ደም ላይ በእኩል መጠን ሁለቱን ጠብ አድርጉ። የተነገረው ኬሚስትሪ ትክክል ከሆነ፣ ውሃ ያደረበት ቱቦ ቀይ ሕዋሳቱ ተሰብረው እንደ ጠጅ ጠርቶ ሊታይ፣ ሌላው ግን ደፍርሶ ሊቆይ ይገባል። ሕዋሳቱ ከተሰበሩ ከቱቦው ጀርባ የተቀመጠ ጽሑፍ ይነበባል፤ ካልተሰበሩ አይነበብም። መለኪያችሁ ይኸው ነው።

ሁለት ማስጠንቀቂያ ብቻ ልጨምር። እንዶድ ሲወቀጥ ዱቄቱ አፍንጫና ዓይን ክፉኛ ስለሚያቃጥል አፍና አፍንጫ ተሸፍኖ፣ ቢቻል ከደጅ መሠራት አለበት። ቤዙ ደግሞ የሚፈታው የዘይቱን ኤስተር ብቻ አይደለም፤ የቆዳችንም ስብ ኤስተር ስለ ሆነ፣ ጣት ላይ ሲፈስ የሚሰማው ማሙለጭለጭ ከራሳችን የተሠራ ሳሙና ነውና ቶሎ በብዙ ውሃ ይታጠብ።

ሙከራውን በትምህርት ቤታችሁ ያደረጋችሁ ሁሉ፣ የፍሬውን ዓይነት፣ የተለቀመበትን ወርና ስፍራ፣ የዘፈዘፋችሁበትን ሰዓት ጽፋችሁ ውጤታችሁን፣ የተሳካውንም ያልተሳካውንም፣ ለማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ብትልኩ፣ ለሚቀጥለው ዓመት መጽሔት ተሰብስቦ እንዲወጣ ከአዘጋጆቹ ጋር ተነጋግሬአለሁ።

አሁን ጥያቄ ካለ ለመቀበል ዝግጁ ነኝ።